የፕላስቲክ ማጠፊያው ሒሳብ

የአክሪሊክ ማጠፊያ የፕላስቲኩን ሺት በሙሉ ሳይሆን የሚታጠፍበትን ቀጭን መስመር ብቻ የሚያሞቅ መሣሪያ ነው። አክሪሊክ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ በደንብ የሚታጠፈው ግን ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። የምግብ ዝርዝር ማቆሚያ፣ የዕቃ ማሳያ ሣጥንና የማስታወቂያ ላይት ቦክስ ለሚሠሩ ትናንሽ ሥራ ቤቶች ይህች እጥፋት የገቢ ምንጭ ናት። ጠፍጣፋውን ሺት ማንም ነጋዴ ይሸጠዋል፤ ተጨማሪ እሴት የሚፈጠረው ሺቱ ቅርጽ ሲይዝ ነው።

በሥራ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ማጠፊያ ዋናው ክፍል ኒክሮም የሚባለው ማሞቂያ ሽቦ ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ ጥገና ላይ የቆየ ባለሙያ የማሞቂያ ሽቦን ጠባይ አሳምሮ ያውቃል። ሁለት ሰሌዳዎች ክፍተት ተትቶላቸው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በክፍተቱ ውስጥ የአሉሚኒየም ቦይ ይገባል፤ ሽቦው ቦዩን ሳይነካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጠራል። አንዱ ጫፍ በብሎን፣ ሌላው በስፕሪንግ ይያዛል። ሽቦ ሲግል ስለሚረዝም ስፕሪንጉ ካልሳበው መሐሉ ይረግባል፤ ያን ጊዜ የሺቱ ዳርና ዳር ለስልሶ መሐሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል።

ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኒክሮም ሽቦ በአንድ ሜትር 5.6 ኦም ገደማ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) አለው። አንድ ሜትሩ በ24 ቮልት ትራንስፎርመር ሲሠራ 4.3 አምፔር፣ ማለትም 100 ዋት ያህል ይወስዳል። አሥር ሰዓት ሙሉ ቢበራ እንኳ ፍጆታው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሽቦውን ያለ ትራንስፎርመር ከ220 ቮልት መስመር ጋር ማገናኘት ግን ሽቦውን ያቃጥላል፤ ሕይወትም ያሳጣል።

የመሣሪያው ሌላ ጥቅም ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይያያዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ማሽንም ሆነ መለዋወጫው አብሮ ይወደዳል። በአገር ውስጥ የተሠራው ማጠፊያ ሲበላሽ የሠራው ሰው ራሱ ይጠግነዋል፤ መለዋወጫ እየተጠበቀ ሥራ አይቆምም። መነሻ ካፒታሉ አነስተኛ ስለሆነ ጀማሪውም ወደ ገበያው መግባት ይችላል።

ትርፍና ኪሳራን የሚለየው ግን ብክነት ነው። በገበያ የተለመደው ሺት 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእሱ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 48 ቁራጮች ይወጣሉ። ከነዚህ አምስቱ ቢበላሹ የሺቱን ዋጋ የሚሸከሙት 43ቱ ናቸው፤ የእያንዳንዱ የጥሬ ዕቃ ወጪ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከእያንዳንዱ ቁራጭ የሚያገኘው ትርፍ ከዚህ ጭማሪ በታች ለሆነ ሥራ ቤት ይህ ብቻውን ትርፉን ጠራርጎ ይወስዳል።

አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከችኮላ ነው። በቂ ሳይሞቅ የታጠፈ አክሪሊክ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ከቀናት በኋላ በእጥፋቱ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። ከመጠን በላይ የሞቀው አረፋ ይሠራል። ወፍራም ሺት ተገላብጦ ከሁለቱም ወገን መሞቅ አለበት። የታጠፈው ክፍል እስኪቀዘቅዝ ድረስ በማዕዘን መያዣ ላይ ካልቆየ ተመልሶ ይከፈታል። ስለዚህ ከሽቦው ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣባቸው የሚገቡት ሙቀት መቆጣጠሪያውና የማዕዘን መያዣው ናቸው።

መሣሪያው ወሰን አለው። ፖሊካርቦኔት እርጥበት ስለሚስብ አስቀድሞ ካልደረቀ አረፋ ያወጣል። ፒቪሲ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚያወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ የአክሪሊክ ጭስም ቢሆን አየር በሚገባበት ቦታ መሥራትን ይጠይቃል። በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ተመሳሳይ ዕቃ የሚያመርት ድርጅት የፋብሪካ ማሽን ቢገዛ ያዋጣዋል፤ የማሽኑ ዋጋ በብዙ ምርት ላይ ይከፋፈላልና። ትእዛዙ ጥቂትና ዓይነቱ ብዙ ለሆነ ሥራ ቤት ግን በራሱ እጅ የተሠራው ማጠፊያ የተሻለ ያዋጣል።