ታርጋው ሳይመለስ ኢንሹራንስ አይዘጋም፦ የመኪና ሽፋናችሁ ለተቋረጠባችሁ ወገኖች

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «አገር ቤት ከርሜ ስመለስ ኢንሹራንሴ ተዘግቷል። አሁን የምጠይቀው ቦታ ሁሉ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ምን ላድርግ?» ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት ሜሪላንድ ስለሆነ በእሱ ላይ አተኩራለሁ። ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ ያላችሁ የሚመለከታችሁን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

በዚህ ጉዳይ ሰውን ለኪሳራ የሚዳርገው ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። የትኛው እንደሚቀድም ካወቃችሁ ተቋርጦ የነበረ ሽፋን ይስተካከላል።

ቅጣቱ ከየት ይመጣል?

በሜሪላንድ ሕግ መኪና ታርጋ እስካለው ድረስ ኢንሹራንስ ሊኖረው ግድ ነው። ጋራዥ ውስጥ ተቆልፎ ቢከርም፣ ባትሪው ቢነቀል፣ ቁልፉ አዲስ አበባ ሻንጣችሁ ውስጥ ቢሆን ለውጥ የለውም። ኩባንያው ፖሊሲውን ሲዘጋ ለስቴቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት፣ ለኤምቪኤ፣ ያሳውቃል። ኤምቪኤ ደብዳቤ ይልካል፤ እናንተ ግን የላችሁም፣ ደብዳቤው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከርማል።

ቅጣቱ ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት 200 ዶላር ነው፤ ከ31ኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ 7 ዶላር ይጨምራል። 120 ቀን ያለ ሽፋን የቆየ መኪና እንውሰድ፦ 200 ዶላር፣ በዚያ ላይ 90 ቀን በ7 ሲባዛ 630፣ ድምሩ 830 ዶላር ይሆናል። የባልና የሚስት ሁለት መኪና ከሆነ 1,660። ሳይከፈል ከቆየ ሬጅስትሬሽኑ ይታገዳል፤ ዕዳው ወደ ስቴቱ ዕዳ ሰብሳቢ ክፍል ሲተላለፍ ደግሞ 17 በመቶ ይታከልበታል፤ ከታክስ ተመላሻችሁ ላይም ሊቆረጥ ይችላል። «ቆይ ገንዘብ ሲገኝ አስተካክለዋለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚያስወድደው ለዚህ ነው።

ተዘግቶ ካገኛችሁት

1. መኪናውን አትንዱ። ለአንድ ቀን፣ እስከ ሱቅ ድረስ እንኳ ቢሆን። ያለ ሽፋን የሰው መኪና ብትገጩ የጉዳቱ ወጪ ከኪሳችሁ ይወጣል፤ ሰው ከተጎዳ ደግሞ ሕይወታችሁን ሙሉ የሚከተላችሁ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

2. መጀመሪያ የቀድሞው ኩባንያ ጋ ደውሉ። የተዘጋው በቅርብ ቀን ክፍያ ስላልገባ ከሆነ መልሰው ሊከፍቱት ይችላሉ። አንድ ጥያቄ ግን ሳትጠይቁ ስልኩን እንዳትዘጉ፦ «የምትከፍቱልኝ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ነው ወይስ ከዛሬ?» ከተዘጋበት ቀን ከሆነ ክፍተቱ ይደፈናል። ከዛሬ ከሆነ ክፍተቱ መዝገብ ላይ ይቀራል።

ክፍተቱን የሚደፍኑላችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወረቀት ያስፈርሟችኋል። ባለ አንድ ገጽ ነው፦ የፖሊሲ ቁጥር፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ክፍት ቦታ፣ ከዚያ «በዚህ ጊዜ ውስጥ ምንም አደጋ አልደረሰም» የሚል ቃል፣ ታች ፊርማ። የሚጀምረው ሰዓት ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነው። አጭር ስለሆነ ሰው ሳያነበው ይፈርማል። በመሃል ልጃችሁ ወይም ጓደኛችሁ መኪናውን ነድቶ የሆነ ነገር ገጭቶ እንደሆነ አጣሩና ፈርሙ፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ፖሊሲው ይፈርሳል፣ በማጭበርበርም ያስጠይቃል።

3. ካልከፈቱላችሁ ከሌላ ቦታ ዛሬውኑ የሚጀምር ሽፋን ግዙ። የመኪናው ዕዳ ያላለቀ ከሆነ ባንኩ ፉል ከቨሬጅ ይጠይቃል። ሽፋኑ በተቋረጠበት ጊዜም ባንኩ ራሱ ኢንሹራንስ ገዝቶ ሒሳቡን እናንተ ላይ ጨምሮት ሊሆን ይችላል። ያ ሽፋን ውድ ነው፤ የሚጠብቀውም በዋናነት የባንኩን ገንዘብ ነው። አዲሱን ማስረጃ ወዲያው ላኩላቸውና እንዲያነሱት ጠይቁ።

4. ኤምቪኤ ማስረጃ ከጠየቃችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለችው የኢንሹራንስ ካርድ አታገለግልም። የሚፈልጉት ኤፍአር-19 የሚባለውን ቅጽ ነው፤ የሚልከውም ኩባንያው ራሱ ነው። በተለይ ኩባንያ ቀይራችሁ በእርግጥ ክፍተት ሳይኖር ቅጣት ከመጣባችሁ፣ ቀናቱን በሙሉ የሚሸፍን ኤፍአር-19 እንዲላክ አድርጉ።

5. ኤጀንቱ «አሁን ኢንሹራንስ አለህ? ከመቼ ጀምሮ የለህም?» ሲል እውነቱን ንገሩት። ኩባንያዎች የቀድሞ ሽፋናችሁን ከጋራ የመረጃ ቋት ያዩታል። በውሸት የተገኘ ርካሽ ዋጋ አደጋ በደረሰ ቀን ካሳ ያስከለክላል። ከአንድ ቦታ ውድ ዋጋ ሰምታችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሁሉም ኩባንያ ክፍተትን በእኩል አይመዝነውም። የብዙ ኩባንያዎችን ፖሊሲ የሚሸጡ ኤጀንቶች ጋ ሂዱ፣ ቢያንስ ሦስት ዋጋ አወዳድሩ።

6. ሁለት ኩባንያ ካልተቀበላችሁ፣ ወይም አንዱ ከሰረዛችሁ ሜሪላንድ ኦቶ አለ። ስቴቱ ያቋቋመው፣ ሌላ ቦታ ለተከለከሉ ሰዎች ሽፋን የሚሰጥ ተቋም ነው። ዋጋው ርካሽ አይደለም፤ ግን ሕጋዊ ሆናችሁ ሥራችሁን እንድትቀጥሉ ያደርጋል። ስድስት ወር ሳታቋርጡ ከከፈላችሁ በኋላ እንደገና ዋጋ አጠያይቁ፤ ያልተቋረጠ ሽፋን እያደር የመደራደሪያ አቅም ይሆናችኋል።

ገና ልትሄዱ ከሆነ

ለሠርግም ሆነ ለጥምቀት ረዘም ላለ ጊዜ የምትሄዱ፣ ኢንሹራንሱን ለመዝጋት ካሰባችሁ ታርጋውን ፍቱና ኤምቪኤ መልሱ፣ ደረሰኝ ያዙ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዝጉ። ታርጋ የሌለው መኪና መንገድ ዳር አይቆምም፤ የግል ቦታ ፈልጉለት። ከስርቆት፣ ከእሳትና ከዛፍ መውደቅ ብቻ የሚጠብቅ ቀለል ያለ ሽፋን እንዳለም ኤጀንታችሁን ጠይቁ።

ለቅሶ ደርሶባችሁ በአንድ ቀን የምትነሡ ደግሞ ታርጋ ለመመለስ ጊዜ የለም። አትዝጉት። ክፍያው ራሱ የሚቆረጥበት የባንክ ካርድ ጊዜው አለማለፉን፣ ሒሳቡ ውስጥም ገንዘብ መኖሩን አረጋግጡ። ብዙ ሽፋን የሚቋረጠው ባለቤቱ አስቦበት ሳይሆን ካርዱ እምቢ ብሎ ነው። ደብዳቤያችሁን የሚከፍትላችሁ የምታምኑት ሰውም ይኑር።

ቨርጂኒያ ላላችሁ፦ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል የነበረው አሠራር ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። አሁንም «ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንሹራንስ ግዴታ አይደለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ካሊፎርኒያ ላላችሁ፦ በ1988 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 103 ቀድሞ ሽፋን አለመኖሩን ብቻ ምክንያት አድርጎ ዋጋ መጨመርን ይከለክላል። «ክፍተት ስላለብህ ነው» ብሎ የሚያስወድድባችሁ ካለ ለስቴቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት አቤት በሉ።

እናንተ ጋ ደብዳቤ መጥቶ ካልገባችሁ ስማችሁንና ቁጥሩን ሸፍናችሁ ላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን። በዚህ ሳምንት ወደ አገር ቤት የሚበር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ቲኬቱን ሳይሆን ታርጋውን እያሰበ እንዲያነበው ዛሬውኑ አስተላልፉለት።