የበሰቃ ሐይቅና የጅቡቲ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የጭነት መኪና መተሐራ ከተማ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በውሃ መካከል ያልፋል። መንገዱ በድንጋይና በአፈር ተደልድሎ ከፍ ስላለ ጎማው አይረጥብም፤ ግራና ቀኙ ግን ሐይቅ ነው። ይህም በሰቃ የሚባለው ነው። ከአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመላለሰው በጅቡቲ በኩል ነውና፤ የዚህ ሐይቅ ነገር ለመሬት ጥናት ሊቃውንት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

በሰቃ በ1950ዎቹ ዓመታት ስፋቱ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ትንሽ ሐይቅ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ግድም ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ዘመን ውስጥ የከረዩ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬት በውሃ ተውጧል፤ የሸንኮራ አገዳው እርሻ ተነክቷል፤ አውራ ጎዳናውና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አሮጌው የባቡር ሐዲድም ከውሃው ለመዳን ከፍ መደረግ አስፈልጓቸዋል። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ አብያታን የመሰለ ሐይቅ ሲጎድል፤ በሰቃ መሙላቱ በእርግጥ የሚያስገርም ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የሐይቁን ገቢና ወጪ እንደ ሒሳብ መዝገብ መመልከት ይበጃል። በሰቃ በተፈጥሮው መውጫ ወንዝ የለውም፤ ወጪው ትነት ብቻ ነው። በመተሐራ ቆላ ደግሞ የትነቱ መጠን ከዝናቡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ዝናብ ብቻውን ሐይቁን ይህን ያህል ሊያሳድገው አይችልም፤ ገቢው ከመሬት በታች የሚመጣ መሆን አለበት። አንዳንድ ሊቃውንት ከአዋሽ ተጠልፎ በመስኖ እርሻዎች ላይ የሚፈሰው ውሃ ወደ ምድር ሰርጎ ሐይቁን እንደሚመግበው ይናገራሉ። ሌሎችም የሐይቁን ዳር የሚያፈልቁትን ፍል ውሃዎችና የምድሩን መሰንጠቅ ያመለክታሉ። ሁለቱም አሳብ ማስረጃ አለው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥም ለመስኖም አይረባም። ጉዳቱን ለመቀነስ በቦይ እየተመራ ወደ አዋሽ እንዲፈስ ተደርጓል፤ ነገር ግን ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ በታችኛው አዋሽ ያሉትን እርሻዎች ያበላሻል። አንዱን ለማዳን ሌላውን እንዳይጎዱ በልክ መልቀቅ ግድ ነው።

ከሐይቁ አጠገብ የፈንታሌ ተራራ ቆሟል። ከፍታው 2,000 ሜትር ያህል ሲሆን፤ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከሥሩ ፈንድቶ የወጣው ቅልጥ ዓለት ዛሬም ጥቁር ሆኖ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ ምድር ለወራት ተንቀጠቀጠች፤ በየካቲት ወር የደረሰው መንቀጥቀጥ በመለኪያው 6 ያህል ነበረ። መሬት ተሰነጠቀ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ቀዬውን ለቆ ሄደ። ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል።

ነጋዴው ይህን በዕቃ ማጓጓዣ ሒሳቡ ውስጥ ሊያገባው ይገባል። ወደ ሚሌም ሆነ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው መኪና አስቀድሞ መተሐራን ማለፉ አይቀርም፤ በሌላ በኩል ያለው መንገድ በደብረ ብርሃንና በደሴ ዞሮ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው ነው። እርሱም በደጋው ተራራ ላይ የሚጠማዘዝ ስለሆነ፤ ከባድ ተሳቢ የሚጎትት ሾፌር ወዶ የሚመርጠው አይደለም።