ትንሿ ቅንጡ መኪና በመተማ ቆላ ስንት ታስወጣለች?

ሰሊጡ ተወቅቶ፣ ተሽጦ፣ ብድሩ ተከፍሎ የተረፈው ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ በመተማና በቋራ ቆላ ብዙ ባለሀብት መኪና ማማተር ይጀምራል። አንዱ ለእርሻው ፒክአፕ ይመርጣል። ሌላው ደግሞ ለቤተሰቡ ምቾት፣ ለራሱም ክብር ብሎ እንደ መርሴዲስ ሲ ክላስ፣ ቢኤምደብሊው 320 ወይም ኦዲ ኤ4 ያለች ትንሽ ቅንጡ የቤት መኪና ያስባል። ደላላው መጀመሪያ የሚነግረው «ነዳጅ አትበላም» ብሎ ነው። ደላላው አልዋሸም። ነገር ግን እነዚህ መኪኖች ነዳጅ እንዲቆጥቡ ያደረጓቸው ነገሮች ራሳቸው በቆላው ምድር ሌላ ወጪ ያስከትላሉ። ስለዚህ ገዢው በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቃጠለውን ሊትር ብቻ ሳይሆን በአንድ ኪሎ ሜትር የሚወጣውን ጠቅላላ ብር ሊያሰላ ይገባል።

የነዳጁ ሒሳብ

ከ1.5 እስከ 2 ሊትር የሚለካ ቱርቦ ሞተር ያላቸው የዚህ ዓይነት መኪኖች በተስተካከለ አስፋልት ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ6 እስከ 8 ሊትር ቤንዚን ይበቃቸዋል። በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በታኅሳስ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። ከዚያ ወዲህም ጭማሪው አልቆመም። ለስሌት እንዲመች ይህን 101 ብር ከ47 እንያዝ። በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ከምታቃጥል መኪና ወደ 7 ሊትር ቢወርድ 300 ሊትር ይቆጥባል። ይህም ከ30 ሺህ ብር በጥቂቱ ይበልጣል። ለአንድ ቤተሰብ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም።

ይሁን እንጂ በፋብሪካው ወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር የጎንደርን ቁልቁለትና የመተማን ሙቀት አያውቅም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን መተማ ዮሐንስ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ትላለች። ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው መንገድ በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ ሾፌር በዳሽቦርዱ ላይ እጅግ የሚያስደስት ቁጥር ያያል። ሲመለስ ግን 1,400 ሜትር ሽቅብ አለበት። ከነተሳፋሪዋ 1,700 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ለዚህ ከፍታ ብቻ ተጨማሪ 2 ሊትር ተኩል ያህል ቤንዚን ታቃጥላለች። ስለዚህ መኪና ለመግዛት የሚሞክር ሰው ፍጆታውን በደርሶ መልስ ይለካ፤ የመሄጃው ቁጥር ብቻውን ያሳስታል።

ሙቀቱም የራሱን ይወስዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ያለ ኤሲ መንዳት ይከብዳል። ኤሲ ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት፣ በተለይ በአጭር ጉዞ፣ የነዳጅ ፍጆታን እስከ ሩብ ድረስ ሊጨምር ይችላል። በገበያ ቀን ገንዳ ውሃ ውስጥ አጭር አጭር የምትነዳ መኪና የወረቀቱን 7 ሊትር አታውቀውም።

ቁጠባው የሚጠይቀው ዋጋ

የእነዚህ ሞተሮች ቁጠባ የሚመጣው ከቱርቦና ቤንዚንን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ከሚረጨው ኢንጀክተር ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት ከፍ ያለ ኦክቴን ላለው ቤንዚን ነው። የእኛ ማደያ ግን ቤንዚንን በደረጃ ለይቶ አይሸጥም። ኦክቴኑ ዝቅ ሲል ሞተሩ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ በዚያው ልክ ቁጠባውም ይቀንሳል።

ማደያው ደርቆ ቤንዚን በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሸጥ ችግሩ ይብሳል። ዋጋው ከይፋዊው እጅግ ይርቃል፤ ምን እንደተቀላቀለበትም የሚያረጋግጥ የለም። አሮጌ ካርቡሬተር ያለው ሞተር የሚታገሠውን ቆሻሻ ይህ ኢንጀክተር አይታገሠውም። የነዳጅ እጥረቱም እንዲሁ በዋዛ የሚወገድ አይደለም። የመተማ ቤንዚን ዛሬ ከጅቡቲ ተነሥቶ በአገሪቱ መሐል አቋርጦ ነው የሚደርሰው። ቀድሞ ኢትዮጵያ ከሱዳን ቤንዚን ስትገዛ ቦቴዎች ከጋላባት ተሻግረው በዚሁ መንገድ ይገቡ ነበር። ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የጅቡቲውን መንገድ አስተማማኝነት አሳጣው። ረጅሙ መንገድ በየቦታው ሲቆረጥ መጨረሻው ላይ ያለው ከተማ ቀድሞ ይጠማል።

ጎማውም እንዲሁ ነው። ከቢኤምደብሊው ብዙዎቹ፣ ከሌሎቹም አንዳንዶቹ ተንፍሰውም መሄድ በሚችሉ ጎማዎች ስለሚመጡ ተጠባባቂ ጎማ አይዙም። በአይከልና በገንዳ ውሃ መካከል፣ ጎሚስታ በሌለበት የነጋዴ ባሕር መንገድ ጎማው ጎኑ ላይ ቢቀደድ መፍትሔው መኪናዋን ማስጎተት ነው። አየር በቀላሉ ሰንጥቃ እንድትሄድ ዝቅ ተደርጋ መሠራቷ ለአስፋልቱ ጥሩ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ እርሻ የሚገባው መንገድ ግን ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ስንጥቅና አቧራ ይሆናል። ከታች የሚመታው ድንጋይ የዘይት መያዣውን ሲሰብር የዓመቱ የነዳጅ ቁጠባ በአንድ ቀን ይበላል።

መለዋወጫውና ዶላሩ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አብሮ ወጣ። የኮሮላን መለዋወጫ ጎንደር ላይ ማግኘት ይቻላል፤ የእነዚህን መኪኖች ኢንጀክተር ወይም የካምቢዮ ኮምፒውተር ግን አዲስ አበባ ድረስ ማፈላለግ፣ አንዳንዴም ከዱባይ ማስመጣት ግድ ይላል። መኪናዋ የምትቆምበት ሳምንትም ወጪ ነው።

«ዋጋዋ ስለሚጨምር ብሸጣት አልከስርም» የሚል ክርክር አለ። በጥር 2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉ ሲነገር በእጅ ያሉት መኪኖች ዋጋ መናሩ እውነት ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅም አዲስ መኪና ሞተሯ ከ1,300 ሲሲ ካልበለጠ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ 100 በመቶ እንድትከፍል አድርጎ ነበር። ነገር ግን የመኪናዋ ዋጋ በብር ሲጨምር የመለዋወጫውም ይጨምራል፤ የቅንጡ መኪና ገዢም በገንዳ ውሃ ጥቂት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ስሌቱ ቀላል ነው። የዓመቱን ነዳጅ፣ ጎማ፣ ሰርቪስ፣ መለዋወጫ፣ ኢንሹራንስና ቦሎ ደምሮ በተነዳው ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። ኑሮው ጎንደር ሆኖ ወደ ቆላው በአስፋልት ብቻ ለሚወርድና ለሚመለስ ሰው ትንሿ ቅንጡ መኪና ምክንያታዊ ልትሆን ትችላለች። እርሻው ድረስ ለሚገባ ባለሀብት ግን ውጤቱ በግልጽ ወደ ፒክአፕ ያደላል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ጨምራ ብታቃጥልም እንኳ።

የኤሌክትሪክ መኪናም ከሒሳቡ መውጣት የለበትም። መንግሥት በ2014 ከኤክሳይዝ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጓት ነበር። ቁልቁለቱን ስትወርድ ከምታጠፋው ኃይል የተወሰነውን መልሳ ትሞላለች። ወደ ሱዳን ኃይል እንዲልክ የተዘረጋው የከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ መስመር በመተማ አልፎ ነው ገዳሪፍ የሚደርሰው። ኤሌክትሪኩ በደጃፉ የሚያልፍ ሕዝብ ቤንዚን በጠርሙስ መግዛት የለበትም። በአይከልና በገንዳ ውሃ አስተማማኝ የቻርጅ ጣቢያ መትከል ለዞኑም ለክልሉም የቅድሚያ ሥራ ሊሆን ይገባል።

ለሰሊጥ አምራቹ ግን ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የአረም ሠራተኛ ደመወዝ በወለድ ብድር የሚሸፈን ከሆነ፣ በመኪና ላይ የታሰረው እያንዳንዱ ብር ያንን ወለድ ያስከፍላል። መኪና የሚገዛው የመጪው ክረምት የእርሻ ገንዘብ ተለይቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው።