አንድ ሰው፥ ብዙ ፊት

በመሥሪያ ቤቱ በቁም ነገረኛነቱ የተመሰገነ አንድ ወዳጄ ባለፈው ሰሞን ቡና ስንጠጣ፥ «አንተ ሰውዬ፥ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰህ ደመወዝ ከቆጠርህ በኋላም ያንን የሰማያዊ ሣጥን ጨዋታ ታያለህ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። አያለሁ፤ ለማየቴም አላፍርም። ነገር ግን ጥያቄው በአንድ ስኒ ቡና የሚመለስ ሆኖ ስላላገኘሁት፥ መልሱን ለእርሱና እንደ እርሱ ለሚያስቡ አንባብያን በዚህ ገጽ ላይ ላቀርበው ወደድሁ።

ጨዋታው «ዶክተር ሁ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዶክተር ማን?» እንደ ማለት ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ያሳየው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባለታሪኩ ከሌላ ዓለም የመጣ፥ እውነተኛ ስሙ የማይነገር ተጓዥ ነው። መርከቡ ቀድሞ በለንደን ጎዳናዎች ላይ ፖሊስ ለመጥራት ይቆም የነበረውን ሰማያዊ የስልክ ሣጥን ትመስላለች፤ ከውጭ ሲያዩዋት ጠባብ ናት፥ ከውስጥ ግን አዳራሽ ናት። በዚህች ሣጥን ወደ ሮማ ቄሣሮች ዘመንም፥ ምድር ወደምትጠፋበት ቀንም ይጓዛል።

የተወለደበት ሰሞን ግን ክፉ ሰሞን ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዳላስ ከተማ የተገደሉት በዋዜማው ነው። የሰው ሁሉ ልብ ወደዚያ ስለሄደ፥ ቢቢሲ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛውን ክፍል ከማሳየቱ በፊት የመጀመሪያውን እንደገና አሳየው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ሥራውን የጀመሩት ሰዎች ዕድሜ ነው። የድራማው ክፍል ኃላፊ የነበሩት ካናዳዊው ሚስተር ሲድኒ ኒውማን ለአዘጋጅነት የመረጡት ሚስ ቬሪቲ ላምበርት የምትባል የ27 ዓመት ሴት ነው። የድራማ አዘጋጆች ሁሉ ወንዶች በነበሩበት ቤት እርሷ ብቻዋን ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ታሪክ በዳይሬክተርነት የመራው ዋሪስ ሁሴን ደግሞ በሕንድ አገር የተወለደ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ተቀርጾ ሲታይ ሚስተር ኒውማን አልወደዱትም። ታዲያ ልጆቹን አላባረሯቸውም፤ «እንደገና ሥሩት» አሏቸው፥ እንደገናም ሠሩት። አለቃ ለሆናችሁም፥ አለቃ ላላችሁም፥ ይህችን በልባችሁ ያዙልኝ።

ሚስተር ኒውማን ዐይናቸው የፈጠጠ ጭራቆች በጨዋታው እንዳይገቡ አጥብቀው ከልክለው ነበር። ሚስ ላምበርት ግን ሁለተኛው ታሪክ ላይ ቴሪ ኔሽን የደረሳቸውን፥ ዳሌክ የሚባሉትን የብረት ልብስ የለበሱ ፍጡራን አስገባች። አለቃዋ ተቆጡ፤ ተመልካቹ ግን በዳሌክ አበደ፥ ጨዋታውም በእግሩ ቆመ። የዳሌክን መልክ የነደፈው ሬይመንድ ኩሲክ የድርጅቱ ደመወዝተኛ ስለነበረ፥ ዳሌክ በአሻንጉሊት መልክ በየሱቁ ሲቸበቸብ ትርፉ ለእርሱ አልደረሰውም። ደመወዝተኞች የሆንን ሁሉ እዚህ ላይ ጥቂት ብንተክዝ አይፈረድብንም።

አሁን ወደ ተዋንያኑ ልምጣ፤ የነገሩ ፍሬ እዚያ ነውና።

የመጀመሪያው ዶክተር ሚስተር ዊሊያም ሃርትኔል ነበሩ። ከዚያ በፊት በሲኒማ የሚታወቁት በቁጡ የሃምሳ አለቃነትና በወታደርነት ነበር። ዶክተርን ሆነው ሲጫወቱ ግን የእንግሊዝ ሕፃናት እንደ አያታቸው ወደዷቸው፥ እርሳቸውም ሕፃናቱን ወደዱ። ነገር ግን የደም ሥር ሕመም ያዛቸው፤ ቃለ ተውኔቱ ከአእምሯቸው እየጠፋ ያስቸግራቸው ጀመር። በ1966 አዘጋጆቹ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ጨዋታውን መዝጋት ወይም ተዋናዩን መለወጥ።

መልካቸው የሚመስል ሰው ፈልጎ በስማቸው ማጫወት ይቻል ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን ሌላ ዘዴ አሰቡ። ዶክተሩ የእኛ ዓይነት ሰው ስላልሆነ፥ ሥጋው ሲደክም ይታደሳል፤ ሲታደስም ሌላ ፊት፥ ሌላ ድምፅ፥ ሌላ ጠባይ ይዞ ይነሣል፥ ትዝታው ግን ከእርሱ ጋር ይቆያል አሉ። ስለዚህ በኦክቶበር 1966 ሃርትኔል ከመርከባቸው ወለል ላይ ወደቁ፥ ፊታቸው በብርሃን ተዋጠ፥ ብርሃኑ ሲጠፋም በዚያው ቦታ ተኝቶ የተገኘው ፓትሪክ ትራውተን የሚባል ሌላ ተዋናይ ነበር።

ትራውተን ፀጉራቸው የተንጨባረረ፥ ኮታቸው የሰፋቸው፥ ዋሽንት ቢጤ የሚነፉ አጭር ሰው ናቸው። ሃርትኔልን ለመምሰል አንዲት ጊዜ እንኳ አልሞከሩም። ሞክረው ቢሆን ኖሮ ጨዋታው በዓመቱ ይሞት ነበር ባይ ነኝ። በአንድ ወንበር ላይ የተተካ ሰው፥ የቀድሞው ሲሣል እንደ ነበረው የሚስል ከሆነ፥ ሰው ሁሉ የቀድሞውን እያሰበ ያዝናል። ትራውተን ግን የተረከቡት ልብሱን ሳይሆን ልቡን ነው፤ የተጠቃን መርዳቱን፥ ጉልበተኛን መድፈሩን፥ የማያውቁትን ለማወቅ መጓጓቱን። ከሁሉም ዶክተሮች እኔ የማስቀድመው እርሳቸውን ነው፤ በዚህ ከጓደኞቼ ጋር አልስማማም።

ከእነርሱ ቀጥሎ የመጡትን ሁሉ ብዘረዝር ገጹ አይበቃኝም። ቶም ቤከር ሥራ አጥቶ በሕንፃ ግንባታ ላይ በቀን ሠራተኛነት ሳለ ተመርጦ፥ ከ1974 እስከ 1981 ለሰባት ዓመታት ተጫወተ፤ ረጅም ሻርፑን ዛሬም የማያውቀው እንግሊዛዊ ጥቂት ነው። ኮሊን ቤከር ግን ከሥራው ተሰናበተ፤ ለመተካካቱ ትርኢት ብቻ ተመለስ ቢባልም እምቢ አለ። ስለዚህ ተተኪው ሲልቨስተር ማኮይ የእርሱን ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍቶ ወለሉ ላይ ተኛ። በ1989 ጨዋታው ቆመ፤ በ1996 ከታየው አንድ ፊልም በቀር እስከ 2005 ድረስ አልተመለሰም።

እኔ የተዋወቅሁት ከተመለሰ በኋላ ያለውን ነው። የዶርም ጓደኛዬ በሃርድ ዲስክ ይዞት መጣ፤ ስድስት ሆነን በአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ፊት ተኮልኩለን የዴቪድ ቴናንትን ዘመን በአንድ የፈተና ሰሞን ጨረስነው። (ሃርትኔልን አንቱ እያልሁ ቴናንትን አንተ ማለቴን አንባቢ ታዝቦ ይሆናል፤ በዶርም አልጋ ላይ የተዋወቁትን ሰው አንቱ ለማለት አንደበት አይታዘዝም።) ቴናንት ተዋናይ ለመሆን የቆረጠው በልጅነቱ ይህንኑ ጨዋታ አይቶ ነው። ጃኑዋሪ 1 ቀን 2010 በታየው ክፍል ሲሰናበት፥ ተተኪውን ማት ስሚዝን በፍጹም አላይም ብዬ ማልሁ። መሐላዬ የቆየው ዘጠኝ ቀን ነው። ሐዘኑም፥ መሐላውም፥ መሐላ ማፍረሱም የዚህ ጨዋታ ወዳጅ ሁሉ ዕጣ እንደሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው።

በ2023 ወንበሩን የተረከበው ንኩቲ ጋትዋ በኪጋሊ በ1992 የተወለደ ነው፤ ወላጆቹ ከ1994ቱ እልቂት ሸሽተው ወደ ስኮትላንድ ወሰዱት። ጨዋታውን በመሪ ተዋናይነት የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር እርሱ ነው። አገሩ የጠፋበትንና ከወገኖቹ ሁሉ ብቻውን የተረፈውን ተጓዥ፥ ከእልቂት የተረፈ ቤተሰብ ልጅ ሲጫወተው ማየት ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ከቀደሙት ይልቅ ቶሎ ያለቅሳል ብለው የነቀፉት ነበሩ፤ እኔ አልነቀፍሁትም። በ2025 እርሱም ተሰናበተ።

ወዳጄ ሆይ፥ እስካሁን የነገርሁህ ደስ የሚለውን ነው። አሁን የሚያሳዝነውን ስማ።

ቢቢሲ በ1967 እና በ1978 መካከል የእነዚህን የድሮ ትርኢቶች ቴፖች አጠፋቸው። ክፋት አልነበረበትም። ቴፕ ውድ ነበር፥ ሌላ ነገርም ሊቀረጽበት ይችል ነበር፤ ከተዋንያን ማኅበር ጋር የነበረው ውል ትርኢቱን ደጋግሞ ማሳየትን ይገድብ ነበር፤ ባለቀለም ቴሌቪዥን ከመጣ በኋላም ጥቁርና ነጩን ማን ያየዋል ተባለ። ምክንያቱ ሁሉ ደኅና ምክንያት ነው፤ ማንኛችንም በጠረጴዛችን ላይ ቢቀርብልን እንፈርምበት ነበር። እስከ ዛሬ ከ90 በላይ ክፍሎች አልተገኙም፤ የሚበዙትም የእኔው የትራውተን ናቸው። ሃርትኔል በትራውተን የተለወጡበት ክፍል እንኳ ራሱ የለም። የለውጡ ጥቂት ሴኮንዶች የተረፉት በ1973 ሌላ የልጆች ዝግጅት ቆርጦ ስላሳያቸው ነው።

ድምፁ ግን በሙሉ አለ። ያዳኑትም ድርጅቱ አይደለም፤ በየቤታቸው ቴፕ መቅረጫ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እያስቀመጡ የቀረጹ ልጆች ናቸው። ምስሉ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ካልታሰበ ቦታ ይወጣል፤ ምክንያቱም ትርኢቶቹ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ተገልብጠው ለብዙ አገሮች ተሸጠው ነበር። በ1983 ሁለት ክፍሎች በለንደን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተገኙ። በ1991 አራት ክፍል ያለው አንድ ሙሉ ታሪክ ከሆንግ ኮንግ ተመለሰ። በ2013 ደግሞ ጠፍተው የነበሩ 9 የትራውተን ክፍሎች በናይጄሪያ፥ በጆስ ከተማ ከሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን መገኘታቸው ተነገረ።

የሃርትኔልን ዘመን ፊልሞች ከገዙት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ይህን ባወቅሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ በዓለም ላይ በገንዘብ የማይገኘው ምስል በዚሁ በአዲስ አበባ፥ በሰው ቤት ሳሎን ውስጥ ታይቶ ይሆናል ማለት ነው! ፊልሞቹ ከታዩ በኋላ እንዲመለሱ፥ ወደሚቀጥለው አገር እንዲተላለፉ ወይም እንዲወድሙ ውሉ ያዝዝ ስለነበር፥ እዚህ ቀርተዋል ብዬ ለማለት አልደፍርም። ቢሆንም በሠፈራችን በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ከነበራቸው ጥቂት ቤቶች ወደ አንዱ ሄጄ አዛውንቱን ጠየቅሁ።

«ጋሼ፥ ነጭ ፀጉር ያላቸው አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ፥ ከሣጥን ውስጥ የሚወጡ፥ አያስታውሱም?»

ብዙ አሰቡ። ቴሌቪዥኑን በደንብ ያስታውሱታል፤ እንደ ቁም ሣጥን መዝጊያ ያለው፥ በላዩም የዳንቴል ልብስ የሚነጠፍበት ነበር። የጎረቤት ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉን ይሞሉት እንደ ነበርም ነገሩኝ። ሽማግሌውን ግን አላስታወሷቸውም። «ልጆቹን እያየሁ እኮ ነው እንጂ፥ እሱን መች አየሁት» አሉኝ።

በሚመጣው እሑድ ከተረፉት ክፍሎች አንዱን ይዤላቸው እንድሄድ ተቀጣጥረናል። ያ ቁም ነገረኛ ወዳጄም እመጣለሁ ብሏል፤ ለቡናው ነው እያለ።