ውኃ ሲቈጣ መውጫው ይስፋ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ቱቦ ስፋት ሲጽፍ የምሕንድስና ጓደኞቻችን እንደሚስቁ ዐውቃለሁ። ይሳቁ፤ ነገር ግን ሥሕተት ስለ ሠራሁበት ነገር ዝም ማለት አልቻልሁም።

የአጎቴ ልጅ በኮተቤ መንገድ ዳር መኪና ያጥባል። የእጥበቱ ፓምፕ ከጐኑ አንዲት ቫልቭ አለችው፤ ልጆቹ «ሴፍቲ» ይሏታል። ሽጉጡ ሲዘጋ ከቫልቭዋ ውኃ እየተረጨ እግራቸውን ያርሳል። ታዲያ እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ዐዋቂ፣ «በቀጭን ጎማ አያይዛችሁ ከግንቡ በላይ አሳልፉት» ብዬ መከርሁ። ምክሬ ተፈጸመ። በሦስተኛው ቀን ጎማው ከአፉ ተነቅሎ እንደ እባብ እየተወራጨ የልጁን ቅንድብ ሰነጠቀው። ዐይኑ በአንድ ጣት ስፋት ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርሁ፤ የገባኝንም እነሆ።

በመጀመሪያ ግፊት ምንድን ነው? እንጦጦን እንመልከት። አናቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ መስቀል ዐደባባይ ግን በ2,350 ሜትር አካባቢ ነው። ውኃ በራሱ ክብደት በየ10 ሜትሩ 1 ባር ያህል ስለሚጫን፣ ከዐደባባዩ እስከ አናቱ ውኃ በአንድ ቱቦ ለማውጣት የሚሻ ሰው ከ60 ባር በላይ ግፊት ያስፈልገዋል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ገደማ መሆኑን አስቡ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውኃ ወደ ቤተ መንግሥት በቧንቧ ሲያመጣ ቁልቁለቱ ረድቶታል። ዳገት ለሚወጣ ውኃ ግን ረዳቱ ፓምፕ ብቻ ነው።

ፓምፕም ሁለት ዐይነት ጠባይ አለው። የሚሽከረከረው (ሴንትሪፉጋል) መውጫው ቢዘጋበት ግፊቱ እስከ ወሰኑ ደርሶ ይቆማል፤ ውኃው ግን እዚያው ሲንገላታ ይሞቃል። የፒስተኑ ዐይነት ግን፣ እንደ መኪና እጥበቱ ያለው፣ ወሰን አያውቅም፤ አንድ ነገር እስኪፈነዳ ይገፋል። ስለዚህ ለፒስተን ፓምፕ የሚሠራው ማስተንፈሻ ቫልቭ የፓምፑን ውኃ በሙሉ እንጂ ከፊሉን ብቻ የሚያሳልፍ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ መውጫው ቱቦ እንመለስ። ቫልቭዋን ዘግቶ የያዛት ሞላ ነው። የወጣው ውኃ በቱቦው ውስጥ ሲታገል ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህ የኋላ ግፊት ሞላውን ስለሚያግዝ ቫልቭዋ በደንብ አትከፈትም። በተለመደው ደንብ፣ ለተራ የሞላ ቫልቭ ውኃው ሲፈስ የሚፈጠረው የኋላ ግፊት ቫልቭዋ ከምትከፈትበት ግፊት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይደረጋል።

በምሳሌ እንየው። በ20 ባር የምትከፈት ቫልቭ በሰከንድ 10 ሊትር ታስወጣለች እንበል፤ የተፈቀደልን 2 ባር ነው። ቱቦው ቀጥ ያለ፣ 15 ሜትር የሚረዝም ቢሆን፣ ውስጡ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚጠፋው ግፊት 0.8 ባር ያህል ነው፤ ደኅና። 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን 2.4 ባር ገደማ፤ አለፈ። በ25 ሚሊ ሜትርስ? 25 ባር ይደርሳል፤ ይኸውም ቫልቭዋ ከምትከፈትበት ከራሱ ይበልጣል! ምክንያቱም ያው ውኃ እንዲያልፍ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ትግሉ 2 ጊዜ ሳይሆን 32 ጊዜ ያድጋል። እንዲህ ያለው ቱቦ ቫልቭዋን በጨርቅ ከመወተፍ አይለይም።

በዚህ ላይ መታጠፊያዎች ይታሰባሉ። የእኛም ሰፈር ዳገት አለ፤ 50 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቱቦ 10 ሜትር ሽቅብ ብንወስደው፣ የቆመው ውኃ 1 ባር ይጨምርና ከ0.8 ጋር 1.8 ይሆናል። ሁለት ሦስት መታጠፊያ ሲጨመር ከ2 ባር ያልፋል። እንግዲህ ቱቦውን ማስፋት፣ ወይም ወደ ቁልቁል ማውረድ ነው።

የቀሩት ደንቦች ዐጫጭር ናቸው። መውጫው ቱቦ ከቫልቭዋ አፍ አይጥበብ። መዝጊያ አይግባበት። በጠንካራ ማሰሪያ ይያዝ፤ የሚወጣ ውኃ ቱቦውን ወደ ኋላ ይመታልና። ጫፉ ሰው ከማይቆምበት፣ ነገር ግን ከሚታይበት ቦታ ይሁን፤ ሳያቋርጥ የሚፈስ ቫልቭ አንድ ነገር እየነገረን ነው። ከተቻለ ውኃው ወደ ማጠራቀሚያው እንጂ በቀጥታ ወደ ፓምፑ መሳቢያ አይመለስ፤ ያው ውኃ ሲዞር እየሞቀ ይሄዳል፤ በእንጦጦ ከፍታ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው።

የአጎቴ ልጅ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። ቀጭኑን ጎማ አውጥተን ከቫልቭዋ አፍ የማይጠብ የብረት ቱቦ በቁልቁለቱ በኩል አሰርንለት። ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ባየሁ ቍጥር፣ ሳይጠየቁና ሳያውቁ መምከር ምን ያህል ውድ እንደሆነ ትዝ ይለኛል። ጓደኞቼ ሆይ፣ በሰፈራችሁ ፓምፕ ካለ፣ ዛሬ ስታልፉ የመውጫውን ቱቦ አንድ ጊዜ ተመልከቱ።