«ቆርቆሮ» የሚለው ስምና የብረታ ብረት ተርታ
(በሐረር ከተማ ዕቃዎች የተደገፈ ማብራሪያ)

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የተማረ ሰው የብረታ ብረትን ተርታ በቃሉ ያውቃል። ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ አሉሚኒየም፣ ዚንክ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ እርሳስ፣ መዳብ፣ ብር፣ ወርቅ እያለ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ነገር ግን ይህንኑ ተማሪ፣ «የአባትህ ቤት ክዳን በምስማር ሲጫር ሳይዝግ የሚቆየው፣ በግቢው የተጣለው የዓሣ ጣሳ ግን በተጫረበት በኩል ቶሎ የሚቀላው ስለ ምንድር ነው? ሁለቱም ቆርቆሮ አይደሉምን?» ብለን ብንጠይቀው ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ተርታውን ከማንም ባላነሰ እደግመው ነበር፤ ይህ ጥያቄ ግን በክፍል ውስጥ ሲነሣ አልሰማሁም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልሱን በሐረር ከተማ፣ ይልቁንም በጁገል ውስጥ በየቤቱ ከሚገኙ ዕቃዎች መፈለግ ነው።

አስቀድሞ ሁለቱን ቃላት ማስረዳት ያስፈልጋል። ኦክሲዴሽን ማለት አንድ ንጥረ ነገር ኤሌክትሮን መልቀቁ ነው፤ ሪዳክሽን ማለት ደግሞ ኤሌክትሮን መቀበሉ ነው። ስሙ ከኦክሲጅን የመጣ ቢሆንም ኦክሲጅን የግድ መኖር የለበትም። የዚንክ ቁራጭ በሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ ቢነከር፣ ዚንኩ ኤሌክትሮኑን እየለቀቀ ወደ ውሃው ይገባል፤ በውሃው ውስጥ የነበረው መዳብ ያንን ኤሌክትሮን ተቀብሎ ቀይ ሆኖ በዚንኩ ላይ ይቀመጣል፤ የውሃውም ሰማያዊነት እየደበዘዘ ይሄዳል። ሰጪ ያለ ተቀባይ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ተርታውም የሚነግረን ማን ለመስጠት ይበልጥ እንደሚቸኩል ነው። ይህ ዝንባሌ በቮልት ሲለካ ዚንክ ከዜሮ በታች 0.76፣ ብረት ከዜሮ በታች 0.44፣ ቆርቆሮ ከዜሮ በታች 0.14 ሲሆን፣ መዳብ ከዜሮ በላይ 0.34፣ ብር ከዜሮ በላይ 0.80 ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች እየራቀ በሄደ መጠን ብረቱ ኤሌክትሮኑን ለመልቀቅ ይፈጥናል። አንባቢ ከእነዚህ ውስጥ ብረት በዚንክና በቆርቆሮ መካከል መቀመጡን ልብ ይበል፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነውና።

እኛ በአማርኛ ቆርቆሮ የምንለው አንድ ነገር አይደለም። የመጽሐፉ ቆርቆሮ ነጭ፣ ለስላሳና በቀላሉ የሚቀልጥ ንጥረ ነገር ነው። የገበያው ቆርቆሮ ግን ሁለት ነው። አንደኛው የምግብ ጣሳ ሲሆን፣ ይህ እውነተኛ ቆርቆሮ በስሱ የተቀባ ብረት ነው። ሁለተኛው የቤት ክዳን ነው፤ ይህም ዚንክ የተቀባ ብረት እንጂ በውስጡ ያ የመጽሐፉ ቆርቆሮ የለበትም። ሁለቱም ሲያዩአቸው ነጭና አንጸባራቂ ስለሆኑ ሕዝቡ አንድ ስም ቢሰጣቸው አይፈረድበትም፤ በኬሚስትሪ ግን ተቃራኒዎች ናቸው። የክዳኑ ቅብ ሲጫርና ብረቱ ሲገለጥ፣ ከብረት ይልቅ ለመስጠት የሚቸኩለው ዚንክ በዙሪያው እየተበላ ለብረቱ ኤሌክትሮን ያቀብለዋል፤ ዚንኩ እስኪያልቅ ድረስ ብረቱ አይዝግም። ጣሳው ሲጫር ግን ከቆርቆሮው ይልቅ ለመስጠት የሚቸኩለው ራሱ ብረቱ ነው። ስለዚህ ቅቡ ጠባቂ መሆኑ ይቀርና ዝገቱን የሚያፋጥን ይሆናል፤ የተጫረ ጣሳ ምንም ካልተቀባ ብረት እንኳ ቀድሞ የሚበሳው ስለዚህ ነው።

ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። የጁገል ጥንታዊ ቤቶች ጣሪያቸው ጠፍጣፋና በጭቃ የተመረገ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙዎቹ በክዳን ቆርቆሮ ተሸፍነዋል። ክዳኑ ሲያፈስ አንዳንድ ሰው የዘይት ጣሳ ቀጥቅጦና ዘርግቶ ይለጥፍበታል፤ «ቆርቆሮ በቆርቆሮ» መሆኑ ነው። ነገር ግን የጣሳው ቆርቆሮ ከክዳኑ ዚንክ ጋር በዝናብ ውሃ ሲገናኝ፣ ዚንኩ ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለእንግዳውም ጭምር እየተበላ በዙሪያው ቀድሞ ያልቃል። ከዚህም የተነሣ በልጣፊው ጠርዝ አዲስ ቀዳዳ ቢወጣ ሊያስደንቅ አይገባም። በውሃ ማጠራቀሚያም ላይ ያው ነው። የሐረር ሕዝብ ለብዙ ዘመን የቧንቧ ውሃ ያገኝ የነበረው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ውሃ ማጠራቀም በከተማው የጸና ልማድ ነው። ዚንክ በተቀባ ታንከር ላይ የነሐስ ቧንቧ ሲገጠም፣ መዳቡ በተርታው ከዚንክ በጣም የራቀ ስለሆነ ታንከሩ የሚበላው በመጀመሪያ በቧንቧው ሥር ነው። በመካከላቸው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ማያያዣ ማድረግ ኤሌክትሮኑ የሚያልፍበትን መንገድ ይቆርጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ኮምጣጣ ነገር ነው። ዚንክ በሎሚ ውስጥ ይሟሟል፤ የሎሚ መጠጥ ዚንክ በተቀባ ባልዲ ውስጥ አዘጋጅቶ ያሳደረ ሰው፣ የሟሟውን ዚንክ አብሮ ይጠጣል፤ ይህም ማቅለሽለሽና ማስታወክ ያመጣል። «ቲማቲም በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጥ የለምን?» የሚል ሰው ሁለቱን ቆርቆሮዎች ደባልቋል። እዚህ ላይ መምህሮቻችን የሚያውቁት፣ ለተማሪ ግን እምብዛም የማይነገር አንድ ነገር አለ። አየር በሌለበት በታሸገ ጣሳ ውስጥ የፍሬው ኮምጣጤ የሟሟውን ቆርቆሮ አጥብቆ ስለሚይዘው ተርታው ይገለበጣል፤ በውስጥ በኩል ቆርቆሮው እየተበላ ብረቱን ይጠብቀዋል። ጣሳው በተከፈተና አየር በገባ ጊዜ ቆርቆሮው ቶሎ መሟሟት ይጀምራል። የቀረውን ምግብ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ የሚመከረውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ተርታው የማይለወጥ ሕግ ሳይሆን በተወሰነ ሁኔታ የተለካ ቅደም ተከተል ነው።

ዚንክ ለሐረር በክዳን ቆርቆሮ የመጣ እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረርን በጎበኘ ጊዜ የከተማው መገበያያ መሐለቅ የሚባል ትንሽ የነሐስ ገንዘብ እንደ ነበረና በሐረር መመታቱን የሚያስረዳ ጽሕፈት፣ በሌላው ገጹም 1248 ዓመተ ሒጅራ የሚል ዘመን እንደ ነበረበት ጽፏል። በርተን ያየው ዐይነት ነሐስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። በስሙም በኩል ያው ድንግርግር እንደገና ይመጣብናል፤ እኛ የመዳብና የቆርቆሮን ቅልቅልም ነሐስ እንለዋለንና። የሐረር ነጋዴ ዚንክን ስም ሳይሰጠው በእጁ ይቆጥረው ነበር።

አሁን ወደ ተርታው ታችኛ ክፍል እንውረድ። የሐረር አንጥረኞች ለጌጥ ሥራ ሲያቀልጡት የኖሩት ማሪያ ቴሬዛ የተባለው ጠገራ ብር ነው፤ መቼም ይመታ መች 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ብር በእሳት ሲግል ይጠቁራል፤ የጠቆረው ግን ብሩ አይደለም፤ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር የተዋሐደው መዳብ ነው። በኮምጣጣ ነገር ሲታጠብ የመዳቡ ኦክሳይድ ይሟሟና ከላይ ንጹሕ የብር ቆዳ ይቀራል። በሣጥን ውስጥ የኖረ አምባር ሲጠቁር ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ብሩ ራሱ በአየር ካለ ጥቂት የድኝ ጋዝ ጋር ተዋሕዶ ሰልፋይድ ሆኗል። ይህን በአመድ መፈግፈግ ጥቁሩን ከነብሩ ማንሣት ነው፤ በየዓመቱ የሚፈገፈግ ጌጥ ቅርጹ እየጠፋ ይሄዳል። ጌጡን በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ፣ ከአሉሚኒየሙ ጋር እየተነካካ፣ ጨውና ሶዳ በተጨመረበት ሙቅ ውሃ ብናስቀምጠው አሉሚኒየሙ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፤ ጥቁሩም ተመልሶ ብር ይሆናል። ይህ በወጥ ቤት የሚታይ ሪዳክሽን ነው፤ የሚወጣውም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ድኙ መለየቱን ይመሰክራል። ሆኖም አንጥረኛው የጌጡ ሥዕል እንዲጎላ ሆን ብሎ ያጠቆረው ካለ ያም አብሮ ይጠፋልና፣ በአሮጌ ጌጥ ላይ ከመሞከር በፊት ማሰብ ይገባል።

ድስቱስ ከዚንክ በላይ ተቀምጦ ሳለ ለምን አይበላም ቢባል፣ አሉሚኒየም አየር በነካው ቅጽበት በስስ ኦክሳይድ ስለሚሸፈን ነው። የብረት ዝገት ይረግፋል፤ የአሉሚኒየም ግን አይረግፍም።

ዝገት ሁሉ ጥፋት ነው እንዳይባል ደግሞ የሐረር ቤት ምስክር ነው። በሐረሪ ቤት ውስጥ ናደባ የሚባሉት መደቦችና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ቀይ መሆኑም በጥር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማሰብ ነው ይባላል። የቀይ አፈር ቅላት የሚመጣው ከብረት ኦክሳይድ ነው። ብረቱ ሊሰጥ የሚችለውን ኤሌክትሮን ከብዙ ዘመን በፊት ሰጥቶ ጨርሷል፤ ስለዚህ አየርና እርጥበት ከዚያ ወዲያ አይለውጡትም። በላዩ በግድግዳው የተደረደሩት የብረት ሳህኖች ግን፣ የመስተዋት ቅባቸው ከተፈነከተበት ቦታ ላይ መዛግ ይጀምራሉ።

ይህን ሁሉ ለማስተማር ቤተ ሙከራ የግድ አይደለም። ሦስት ብርጭቆ የጨው ውሃ፣ ሦስት ምስማር፣ የመዳብ ሽቦና የአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ቅርፊት ይበቃል፤ የተራው ባትሪ ድንጋይ ቅርፊት ዚንክ ነውና። ቅርፊቱን መምህሩ ቢቆርጠውና ከጥቁሩ ዱቄት ቢያጸዳው ይሻላል። አንዱ ምስማር ብቻውን፣ አንዱ በመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ፣ አንዱ በዚንክ ተጠቅልሎ ይነከር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ብቻውን የነበረው ይዝጋል፤ መዳብ የተጠመጠመበት ይበልጥ ይዝጋል፤ በዚንክ የተጠቀለለው ምስማር ግን ነጭ እንደ ሆነ ይገኛል፤ በብርጭቆው ሥርም ነጭ ዱቄት ይዘቅጣል።