ለፒክአፕ መኪና አንድ የጢስ ማውጫ ወይስ ሁለት?

መሣሪያ ሁሉ የተሠራበት ዓላማ አለው። ማረሻ ለማረስ፣ ሚዛንም ለመመዘን እንደ ተሠራ ሁሉ፣ ፒክአፕ የሚባለው አውቶሞቢል ከኋላው ክፍት ሣጥን ተደርጎለት የተሠራው ዕቃ ተሸክሞ ለባለቤቱ እንጀራ እንዲያመጣ ነው። ስለዚህ በዚህ መኪና ላይ የሚጨመረው ወይም የሚለወጠው ነገር ሁሉ ሊመዘን የሚገባው ይህን ሥራ በመርዳቱ ወይም ባለ መርዳቱ ነው። አንዳንድ ባለ መኪናዎች ግን ከኋላ ሁለት ቧንቧ ብቅ ያለበት ፒክአፕ ከባለ አንዱ ይልቅ ኃይለኛ ነው ብለው በማመን፣ በደኅና የሚሠራውን የጢስ ማውጫ፣ በጋራዥ ቋንቋ ማርሚታ የሚባለውን፣ አስቆርጠው ባለ ሁለት ያስደርጋሉ። ይህ እምነት ለአንዳንዱ ሞተር እውነት፣ ለሌላው ግን ከንቱ ስለ ሆነ፣ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ አስቀድሞ ነገሩን መርምሮ ማወቅ ይገባል።

የጢስ ማውጫ ሦስት ሥራ አለው። አንደኛው በሲሊንደር ውስጥ የተቃጠለውን ጋዝ ሞተሩ ሳይታፈን ማስወጣት ነው፤ ሁለተኛው ድምፁን ማብረድ ነው፤ ሦስተኛውም መርዘኛውን ጢስ ከሰዎች ማራቅ ነው። ጋዙም የሚወጣው እንደ ወንዝ ውሃ ሳያቋርጥ እየፈሰሰ አይደለም፤ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር በየተራው እየተገፋ ነው እንጂ። ፊተኛው ግፊት በፍጥነት ሲያልፍ፣ ከበስተኋላው ያለው አየር ስለሚሳሳ ተከታዩን ጋዝ ይስበዋል። እንግዲህ ቧንቧው ከልክ በላይ ቢጠብ ጋዙ ይታፈናል፤ ከልክ በላይ ቢሰፋ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንስና መሳቡ ይደክማል። በዚህም ምክንያት ሞተሩ ዝግ ብሎ በሚዞርበት ጊዜ፣ ይኸውም መኪናው ጭኖ ከቆመበት ሲነሣና ዳገት ሲጀምር፣ ጉልበቱ ይጎድላል። «ሞተር ትንሽ መታፈን ይወዳል» የሚባለውም ወሬ የመጣው ይህን ጉድለት በማየት ነው፤ ነገር ግን ሞተር የሚሻው የጋዙን ፍጥነት ነው እንጂ መታፈንን አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ሊታወቅ የሚገባው፣ ቁምነገሩ በቧንቧ ቁጥር ሳይሆን በስፋቱ መሆኑ ነው። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር 76 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ቧንቧ፣ ለጋዝ ማለፊያ 45 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ይሰጣል። ሁለት ባለ 54 ሚሊሜትር ቧንቧዎችም ተደምረው የሚሰጡት ከዚሁ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ይልቁንም በሁለቱ ውስጥ ጋዙ የሚነካው ግድግዳ ስለሚበዛ ሰበቃው ይጨምራል። ስለዚህ በልክ የተመረጠ አንድ ቧንቧ የሁለቱን ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ሁለት የጢስ ማውጫ ያለ ምክንያት የተፈጠረ ግን አይደለም። በአሜሪካ አገር የፎርድ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓመተ ምሕረት ዋጋው ለብዙ ሰው የሚደረስ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ካወጣ ወዲህ፣ እንዲህ ያለው ሞተር በዚያ አገር ፒክአፖች ዘንድ ተለምዷል። በእርሱም አራቱ ሲሊንደሮች በቀኝ፣ አራቱ በግራ ተሰልፈው ስለሚቆሙ ጋዙ ከሁለት ወገን ይወጣል። አንድ ቧንቧ ብቻ ሲሆን ሁለቱን ወገኖች ከሞተሩ በታች ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ሁለት ሲሆን ግን እያንዳንዱ ወገን የራሱን መንገድ ይዞ ይወጣል። ብልህ መካኒክም በሁለቱ መካከል መሸጋገሪያ ቧንቧ ያደርጋል፤ የቀኝና የግራው ግፊት ተራው የተስተካከለ ስላልሆነ አንዱ ሌላውን እንዲያግዘው ነው። እንደዚህ ያለው ሞተር ከባድ ተጎታች እየሳበ በከፍተኛ ዙር ለብዙ ሰዓት የሚሠራ ከሆነና የቀድሞው ቧንቧ ጠባብ ከነበረ፣ ሁለቱ ማውጫዎች ጥቅም አላቸው።

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ያለው ፒክአፕ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ሞተር በአመዛኙ አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተሰለፈበት ስለ ሆነ ጋዙ የሚወጣው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ናፍጣ የሚጠቀመውና ቱርቦ ያለውም ጋዙን ሁሉ በአንዱ ተሽከርካሪ ላይ አሳልፎ በአንድ አፍ ያስወጣዋል። በእንዲህ ያለው መኪና ላይ ሁለተኛ ቧንቧ መቀጠል አንዱን ወንዝ መጨረሻው ላይ ለሁለት መክፈል ነው፤ ውሃው አይበዛም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት የሚስማማው እዚህ ላይ ነው።

ወጪውም በመግዣው ዋጋ አያበቃም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ለአጭር መንገድ የሚነዳ መኪና ቧንቧው ሳይሞቅ ስለሚቆም፣ ውሃው በውስጡ ተጠራቅሞ ብረቱን ያዝገዋል፤ ጋዙ ለሁለት ተከፍሎ ሲሄድ ደግሞ ቧንቧዎቹ ለመሞቅ ይዘገያሉ። ከዚህም ሌላ ሁለተኛው ቧንቧ ከነዳጅ ታንክ አጠገብ ቢያልፍ የሙቀት መከላከያ ይፈልጋል፤ ዝቅ ብሎ ቢታሰርም በገጠር መንገድ ድንጋይ ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ሕይወት ነው። በቤንዚን ሞተር ጢስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የሌለው ገዳይ ነው። ለማማር ወይም ለድምፅ ሲባል ቧንቧው ከሣጥኑ ሥር ተቆርጦ ቢቀር፣ ወይም ብየዳው ቢላላ፣ ጢሱ ወደ ጋቢናውና በሣጥኑ ላይ ወደ ተሳፈሩት ሰዎች ይመለሳል። ጢሱን የሚያጠራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተርም አውጥቶ መጣል የጎረቤትን ሳንባ መበደል ነው። የድምፅ ማብረጃውን ማንሣትም ሞተሩን ያስጮኸው ይሆናል እንጂ አንድ ኩንታል አያስጨምረውም፤ በሌሊት ግን ሕመምተኛውንና ሕፃኑን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል።

ስለዚህ ባለ መኪና የሆነ ሰው ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ፤ የሞተሩ ጋዝ የሚወጣው ከአንድ ወገን ነውን ወይስ ከሁለት? መኪናው የሚውለው በምን ሥራ ነው? አሁን ያለው ቧንቧስ ጠቧልን ወይስ አርጅቶ ተቀዷል? ሞተሩ ባለ አንድ መስመር ከሆነ፣ በልኩ የተሠራና በደንብ የተበየደ አንድ ማርሚታ ይበቃዋል፤ የተረፈውንም ገንዘብ ለፍሬንና ለጎማ ቢያውለው መኪናውም ራሱም ይጠቀማሉ። የፒክአፕ ክብሩ ጭነቱን በሰላም ማድረሱ ነውና።